ፊቱን ያዞረው ሳንቲም

ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ አብራችሁኝ የሠራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

ይህን አዳራሽ ለእኔ ብላችሁ ስላሰናዳችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ወንበር የደረደራችሁ፣ መጋረጃውን ያጠባችሁ፣ እዚያ ጥግ ሻይ የምታዞሩት ልጆች፣ እጃችሁ አይንቀጥቀጥ። ድምፅ ማጉያው እንኳ ባይተከልም ይቻል ነበር። ከሳንቲም ማተሚያው መኪና ጋር የኖረ ሰው ሹክሹክታ አያውቅም። እኛ ቤት ምስጢር የሚነገረው በጩኸት ነው፤ ግማሻችን ስለማንሰማ ግን ምስጢርነቱን አያጣም።

ዛሬ ጠዋት ይህን ጥቁር ቀሚስ ስለብስ ልጄ አየችኝና፣ «እማዬ፣ ጡረታ ነው ወይስ ልቅሶ?» አለችኝ። ሁለቱንም በአንድ ቀሚስ ልጨርሰው ብዬ ነው አልኳት። እሷ ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን ቀደም ብለው ቢሯቸው አስጠርተውኝ ነበር። ከሁላችን የቆዩት እርስዎ ነዎትና የማምረቻ ቤቱን ታሪክ ለወጣቶቹ በአጭሩ ይንገሩልን፣ ደስ የሚል ነገር ቢሆን ጥሩ ነው አሉኝ። እሺ ብያለሁ። ታሪኩን እነግራችኋለሁ። ደስ የሚለውን ግን ፈልጌ አጣሁት።

መቼም ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ የምሰናበተው እኔ ብቻ አይደለሁም። መኪኖቹ ተሽጠዋል። ከእንግዲህ የአገሪቱ ሳንቲም ባሕር ማዶ ተመትቶ በሣጥን ይመጣል። ስለዚህ ይህ ንግግር የእኔም የቤቱም ነው።

የመጀመሪያው ማምረቻ ቤት ከአሮጌው ምሽግ ጀርባ የነበረ ግምጃ ቤት ነው። እኔ አልደረስኩበትም። የነገሩኝ ብረት አቅላጩ ናቸው፤ ጋሼ እቶን እንላቸው ነበር፤ አባታቸውም እዚያው አቅላጭ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሳንቲም የሚመታው በእጅ ነው። አንዱ ማኅተሙን ይይዛል፣ ሌላው በመዶሻ ይመታል። ያዡ ስንት ዘመን እንደሠራ ለማወቅ ዕድሜውን አይጠይቁትም፣ እጁን ነው የሚያዩት። ጣቶቹ ሁሉ ያሉት ሰው ገና ጀማሪ ነው ማለት ነው። ማታ ሲወጡ አፋቸውን ከፍተው ያሳያሉ፣ ያስሉ ነበር ይባላል፤ ብር የዋጠ እንዳለ ለማጣራት።

ታዲያ ያን ያህል ጣት የተገበረለት ሳንቲም ምን ሆነ? ንጉሡ ሲወድቅ የተተካው ሰው ሁሉንም ሰብስባችሁ አቅልጡ አለ። የመቱት ሰዎች ራሳቸው አቀለጡት። የመጀመሪያው ቤት ታሪክ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ቤት ወንዙ ዳር የነበረው ነው። እዚያ ደርሻለሁ። የማተሚያው መኪና ተፈታቶ በመርከብ መጣ፤ ሊገጥመው የመጣው የውጭ አገር ሰው ሥራውን ሳይጨርስ በወባ ሞተ። የቀረውን ሠራተኞቹ እየገመቱ ገጠሙት። የተረፉት ብሎኖች እስከ መጨረሻው ድረስ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ነበር። መኪናው ግን ይሠራል። ምን እንደጎደለው ማንም ሳያውቅ ዕድሜውን ሙሉ ሠራ።

ባለቤቴን ያገኘሁት እዚያ ነው። እኔ መምረጫ ክፍል ነበርኩ፣ የተበላሸውን ሳንቲም ከደህናው የምንለይበት። እሱ ቀራጭ ነበር።

ለፋይናንስና ለጥበቃ ክፍሎች ስል ሥራውን ላስረዳ። ሳንቲም ላይ የምታዩት ምስል መጀመሪያ በብረት ማኅተም ላይ ይቀረጻል፣ ተገልብጦ። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ። ማኅተሙ ልሙጡን ብረት ሲመታው ምስሉ ይቃናል። ስለዚህ ቀራጭ ዕድሜውን ሙሉ ዓለምን የሚያያት ከጀርባዋ ነው። ፊደል እንኳ የሚጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ባለቤቴ ከልማዱ የተነሣ ቤትም እንዲያው ሆነ። «እራትሽ ምድጃው ላይ ነው» ብሎ ገልብጦ ጽፎ ይተውልኛል። እኔም ማንበቡን፣ ኋላም መጻፉን ከእሱ ለመድኩ። ልጆቻችን ትንሽ ሳሉ እናትና አባታቸው የሌላ አገር ቋንቋ የሚጻጻፉ ይመስላቸው ነበር።

በዚህ ምክንያት ጓደኞቹ «ግልባጭ» አሉት። ስሙ ጠፋ፣ ግልባጭ ቀረ።

ይህን ቅጽል ስም ያደመቀው ደግሞ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊያችን ነው። ደብዳቤ ሲመጣ መኪናው ይቆምና ክፍሉ መሐል ቆሞ ጮክ ብሎ ያነብልናል። ያነባል ስላችሁ ሁሉንም ነው። «ቁጥር» ይላል፣ «ቀን» ይላል፣ «ጉዳዩ» ይላል፣ ማኅተሙን ሳይቀር «የማይነበብ ማኅተም» ብሎ ያነብ ነበር። ቃል በቃል ነበር የምንለው። ታዲያ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌው ላይ ምን አለ? «ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍል፣ ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት»። ቃል በቃል ግርጌው ደርሶ «ግልባጭ» ሲል ባለቤቴ ከመቀመጫው «አቤት» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። የደመወዝ ጭማሪ ሲነበብ፣ የዝውውር ሲነበብ፣ የመርዶ ሲነበብ ሳይቀር፣ «ግልባጭ» ሲባል «አቤት» ነው። ቃል በቃል ተቆጥቶም ተለማምጦም አልሆነለትም። እኔንም ቤት ስወቅሰው፣ «ምን ላድርግ፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እየጠራኝ ዝም ልበል?» ይለኝ ነበር።

ከዚያ አዲስ መሪ መጣ። እንዴት እንደመጣ ትምህርት ቤት ተምራችሁታል፣ እኔ አልደግመውም። የቀድሞው ሳንቲም ይሰብሰብ፣ አዲስ ይመታ ተባለ። ጋሼ እቶን እሳታቸውን አነደዱ። የአዲሱ ሳንቲም ሐሳብ ይህ ነበር፦ በስተቀኝ የስንዴ ዛላ፣ በስተግራ የመሪው ፊት፣ ፊቱ ወደ ዛላው ያየ። መሪው የሕዝቡን እህል ይጠብቃል ለማለት ነው።

ሥዕሉ የተሣለው ላይኛው ቢሮ ነው። እዚያ የነበሩ አንድ ባለሥልጣን ቀራጭ ሁሉን ነገር ገልብጦ እንደሚቀርጽ ሰምተዋል። ሥራ ላቅልለት ብለው ፊቱን አስቀድመው ራሳቸው ገልብጠው አሣሉት። ለማንም አልተናገሩም። ዛላው በሌላ ወረቀት ላይ ስለነበር እሱን አልነኩትም። ባለቤቴ ሁለቱንም ወረቀት ተቀበለ፣ እጁ እንደሚያውቀው ሁለቱንም ገልብጦ ቀረጸ። የተገለበጠውን ገለበጠው። ሳንቲሙ ሲመታ ዛላው በቦታው ሆነ፤ መሪው ግን ወደ ሌላ ያያል።

ማንም አላየውም። እኛ ክፍል ግራና ቀኝ የሚባል ነገር ትርጉሙ ከጠፋ ቆይቷል። ሊያጸድቁ የመጡትም ናሙናውን ተቀባብለው አፍንጫው በደንብ መስሏል ብለው ፈረሙ።

ያን ዓመት ዝናብ ከለከለ። ዳቦ ቤት ደጃፍ ሰልፉ መንገዱን ሁሉ ይይዝ ነበር። እንግዲህ ሰው ተሰልፎ ሲቆም ምን ያደርጋል? እጁ ላይ ያለውን ሳንቲም ያገላብጣል። ከሰልፈኞቹ አንዱ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም፣ ሳንቲሙን ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ አየና፣ «ሰውየውማ ፊቱን አዞረብን» አለ። ቃሉ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ከተማው ሁሉ ሳንቲም እያወጣ ያይ ጀመር። መሪው ለእህሉ ጀርባውን ሰጥቷል። እህሉም የለም።

በዚያው ሰሞን እኩለ ቀን ላይ መኪናው ቆመ። ቃል በቃል ወረቀት ይዞ ገባ። ከኋላው ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ እነማን እንደሆኑ አላስተዋወቀንም። ማንበብ ጀመረ። ቁጥር አለ፣ ቀን አለ። ጉዳዩ፣ ለማብራሪያ ስለመጠራት አለ። የባለቤቴን ሙሉ ስም ሲያነብ ገሚሶቻችን ማን እንደሆነ ወዲያው አልመጣልንም። ግርጌው ላይ ደረሰ። ሊዘለው ፈልጎ እንደነበር ከፊቱ ይታየኛል። ግን ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቃል ዘሎ የማያውቅ ሰው በዚያች ሰዓት ከየት ያመጣዋል? «ግልባጭ» አለ።

«አቤት» አለ ባለቤቴ።

ክፍሉ ሳቀ። ከልማድ ነው። እኔም ስቄያለሁ። ሁለቱ ሰዎች ብቻ አልሳቁም።

እጄን ልታጠብ አላቸው፣ ፈቀዱለት። ሽርጡን አውልቆ በሚስማሩ ላይ ሰቀለ። በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «ማኅተሙን ዘይት ቀቢልኝ፣ ዝገት እንዳይበላው» አለኝ። ማኅተሙን ዘይት ቀባሁት። በማግስቱ በመዶሻ ሰበሩት።

ሳንቲሙ እንደገና ተሰበሰበ። ከዳቦ ቤቱ፣ ከአውቶቡሱ፣ ከልጆች ኪስ ሳይቀር ለቀሙት። ጋሼ እቶን ሥራውን ሲጨርሱ ወደ መምረጫ ክፍል መጥተው ከፊቴ ቆሙ። «እህቴ፣ አንድ አስቀርቼልሻለሁ ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር» አሉኝ። «ግን ቆመው ነው ያስቀለጡኝ። አንድም አልቀረም።» እውነታቸውን ነው። ኮሪደሩ ላይ ያለውን የመስታወት ሣጥን ታውቁታላችሁ፣ ከሦስቱም ቤቶች ከእቶን ያመለጡት ሳንቲሞች በየተራ የተደረደሩበት። መሐል ላይ አንድ ክፍት ቦታ አለ። ወጣቶቹ «የወለቀው ጥርስ» ትሉታላችሁ። ያ ጥርስ የእሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ገልብጦ መጻፍ የሚችል ሰው ተፈለገ። ሌላ ቀራጭ የለም። ሚስቱ ትችላለች ተባለ። በእሱ ወንበር አስቀመጡኝ፤ ሽርጡ አሁንም ሚስማሩ ላይ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ምን ይመስላችኋል? የታረመው ሳንቲም ነው። መሪውን ወደ እህሉ መልሼ አዞርኩት። ልጆች ነበሩኝ፣ እምቢ ብል ቀጣይዋ እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም። አንድ ነገር ብቻ ይቅር አልለውም። ያን ፊት በማጉያ መነጽር ሥር ስመለከተው ስለኖርኩ፣ እያንዳንዷን መስመር እስከ ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ እቀርጻታለሁ። የባለቤቴን ፊት ግን ረስቼዋለሁ። አገጩ እንዴት እንደነበር ቢጠይቁኝ አላውቅም።

አቤት ማለት የጀመርኩት እኔ ነኝ እንግዲህ። ደጅ ጠናሁ። ለማብራሪያ ነው የተጠራው፣ ማብራሪያውን ሲጨርስ ይመጣል አሉኝ። ነገ ተመለሺ አሉኝ። ተመለስኩ። ምን ዓይነት ማብራሪያ ነው፣ ልጆች አድገው ተድረው የማያልቀው?

ያም መሪ በተራው ወደቀ። ሳንቲሙ ወደ እቶን ተመለሰ። ጋሼ እቶን ያን ቀን፣ «ሁሉንም አቅልጬ አየኋቸው፣ በአንድ ዓይነት እሳት ነው የሚሟሙት» አሉኝ። ሲስቁ ያየኋቸው የዚያን ዕለት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አዲሶቹ ዘንድ ሄጄ አቤት አልኩ። የቀድሞዎቹ ጥፋት ነው፣ እኛን አይመለከትም አሉ። እነሱም ፊታቸውን አዞሩ፤ ያውም ቀራጭ ሳያሳስታቸው።

ሦስተኛው ቤት ይኸው ያለንበት ነው። ወደዚህ ስንዛወር ሁሉም መኪናው ይጎዳል ብሎ ሲጨነቅ የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ይህ ሰው ቢፈታ የሚመጣው ወዴት ነው? ወደሚያውቀው በር ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን በወንዙ ዳር ቤት በር አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ፣ አዲሱን አድራሻ ገልብጬ ጻፍኩት። ሌላ ሰው የልጆች ጭረት ይመስለዋል፣ እሱ ግን ያነበዋል። የድሮው ዘበኛ ምንም አልጠየቀኝም። ግድግዳውን ኖራ በቀባ ቁጥር ግን ያችን ቦታ እየዘለለ ይቀባ ነበር። አንድ ሰው እንኳ እንዲህ ዓይነት ደግነት አድርጎልኛል፣ ነፍሱን ይማረው።

እናንተ ለምን ቀደም ብዬ ጡረታ እንዳልወጣሁ ስትቀልዱብኝ ኖራችኋል። እትዬ ወንበሩን አግብታዋለች ትላላችሁ፤ እንደማልሰማ አድርጋችሁ ነው፣ ግን እሰማለሁ። ወንበሩን ወድጄ አይደለም። መጥቶ ሲያጣኝ ምን ይላል ብዬ ነው። አሁን ይህም በር ሊዘጋ ነው። የሚቀጥለውን አድራሻ ምን ብዬ ልጻፍለት? ጨረታውን ያሸነፈው ጋ ሂድ ልበለው?

ባለፈው ሳምንት የቀሩትን ማኅተሞች ሰበርን። ደንቡ ነው፣ ቤት ሲዘጋ ማኅተም አይተርፍም። የራሴንም በራሴ እጅ መታሁ። ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ ከዚያን ጊዜው ጋር አንድ ነው። ምንም አልለወጡትም። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝና ተቀመጥኩ፤ ተቀምጬም አንድ ነገር ለራሴ ነገርኩት። ዛሬ ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ከአፌ ወጥቶ አያውቅምና።

ባለቤቴ ሞቷል። የት እንደሆነ አላውቅም፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ግን ሞቷል። መርዶ የነገረኝ የለም፣ ስለዚህ አልቅሼለት አላውቅም። የዛሬው ቀሚስ ለዚህ ነው። ለጡረታ ጠርቼ ለልቅሶ ስላስቀመጥኳችሁ ይቅር በሉኝ። ከልጆቹ በቀር ሌላ የማስቀምጠው ዘመድ የለውም፣ እናንተ ናችሁ ዘመዶቹ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የጡረታ ደብዳቤዬ ሲነበብ ታስታውሳላችሁ? የሰው ኃይል ኃላፊያችን ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ይህን ሁሉ አያውቅም። ክፍሉ መሐል ቆሞ አሳምሮ አነበበ። ግርጌው ላይ ደርሶ «ግልባጭ» ሲል እኔና ሁለት ሦስት አሮጌዎች አንገታችንን ደፋን። ልጁ የተሳሳተ ቃል ያነበበ መስሎት ደነገጠ። አልተሳሳትክም፣ የእኔ ልጅ። አቤት የሚል ሰው ስለጠፋ ነው።

ይህ መሥሪያ ቤት ባለቤቴን በታሪኩ ውስጥ አልጻፈውም። በሣጥኑ ውስጥም አላስቀመጠውም። ግን ሳያውቀው በየደብዳቤው ግርጌ ሲጠራው ኖሯል። ሁሉም መሥሪያ ቤት፣ በሁሉም ደብዳቤ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ከዚህ ወጥታችሁ የምትገቡበት ደጅ ክፉ አያሳያችሁ። የሚያሠራችሁ ሰው ፊቱን አያዙርባችሁ። ለማብራሪያ የተጠራባችሁ ሁሉ በሰዓቱ ለእራት ይመለስ። ልጆቻችሁ እጃችሁን ሲያዩ ጣቶቻችሁ ሁሉ በቦታቸው ይሁኑ። የምትወዱትን ሰው ፊት የሚያስረሳ ሥራ አይስጣችሁ። የሄደ ዘመድ ያላችሁ ይምጣላችሁ፣ የማይመጣ ከሆነም የት እንዳለ የሚነግራችሁ ሰው አትጡ። በሄዳችሁበት ደብዳቤ ሲነበብ ግርጌውን ስትሰሙ ደግሞ ትንሽ ቆም በሉለት።

የእኔ ልጅ፣ ደብዳቤዬን ይዘኸው ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ግርጌውን አንብብልኝ። ከዚያ እወርዳለሁ። ጮክ በል፣ ጆሯችንን ታውቀዋለህ።

አቤት።